የጃፓን ልጆች ዘፈን፦ በክብ ሆኖ ለመዝፈንና ለመጨፈር ዝርዝር መመሪያ

የጃፓን ባህላዊ የልጆች ዘፈን ዋራቤ ኡታ ይባላል። ቁጭ ተብሎ የሚደመጥ ዘፈን አይደለም። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩበት፣ በእጅ በተሠራ በር ሥር የሚሾልኩበት፣ ተፋጠው ሰው የሚወሳሰዱበት ጨዋታ ነው። ስለዚህ ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ግጥሙን ለብቻው አስጠንታችሁ ስታበቁ እንቅስቃሴውን ለማስከተል አትሞክሩ። የዘፈኑ የመጨረሻ ቃል በሩ የሚዘጋበት ወይም ክቡ ቀጥ የሚልበት ቅጽበት ነው። ልጁ ግጥሙን የሚይዘው ያችን ቅጽበት ሲጠብቅ ነው። ሁለቱን ከለያያችኋቸው ልጁ እጅ ላይ የሚቀረው ትርጉሙን የማያውቀው የቃላት ክምር ብቻ ነው።

በኢንተርኔት መፈለግ ስትጀምሩ ሦስት ዓይነት የልጆች ዘፈን ተደባልቆ ይመጣላችኋል። ዋራቤ ኡታ ደራሲው የማይታወቅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ነው። ሾካ የሚባለው በሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) ለትምህርት ቤት ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ዜማ ላይ የጃፓንኛ ግጥም ተጭኖበታል። ዶዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ሱዙኪ ሚኤኪቺ «አካይ ቶሪ» የተባለውን የልጆች መጽሔት ከመሠረተ በኋላ ገጣሚዎችና የሙዚቃ ሰዎች ለልጆች ብለው የደረሱት ነው። ዶዮ እጅግ የሚያምር ዘፈን አለው፤ ግን አብዛኛው በፒያኖ ታጅቦ እንዲዘፈን የተጻፈ ነው። አብሮ ለመጨፈር ከፈለጋችሁ በዋራቤ ኡታ ጀምሩ።

ዝግጅት

የሙዚቃ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ድምፅ ማጉያም እንዲሁ። እንዲያውም የተቀዳ ሙዚቃ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ቀረጻው ልጆቹን አይጠብቅም። ክቡ ሲንገዳገድ ዘፈኑ መዘግየት አለበት፤ ልጅ ሲወድቅ ዘፈኑ መቆም አለበት። ይህን ማድረግ የሚችለው ከልጆቹ ጋር እጅ ይዞ የሚዘፍን ሰው ብቻ ነው። ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትሸሹ። አብዛኞቹ ዋራቤ ኡታዎች በጣም ጥቂት ድምፆች ላይ የተሠሩና ለንግግር የቀረቡ ናቸው። ሕፃናት ግን ድምፃቸው ከእኛ ቀጠን ስለሚል፣ በተለይ ወንዶች ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ።

የኛን ዜማ ሰምቶ ላደገ ጆሮ ዜማው ሩቅ አይሆንም። የጃፓን ባህላዊ ዜማዎችም በአምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ የቆሙ ናቸው። ሚያኮቡሺ የሚባለው ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከአምባሰል ጋር አንድ ነው፤ ዮናኑኪ የሚባለው ደግሞ ከትዝታ ጋር ይገጥማል። ኮይዙሚ ፉሚዮ (እ.ኤ.አ. 1927–1983) የተባለው የሙዚቃ ተመራማሪ በ1960ዎቹ የቶኪዮን ልጆች ዘፈን ከተማሪዎቹ ጋር እየዞረ የሰበሰበው የጃፓን ቅኝት ሥረ መሠረት በልጆች አፍ ውስጥ ይገኛል ብሎ ስላመነ ነው።

አነባበቡን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ በጃፓንኛ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ምት ይወስዳል፤ «ሱ» የተጻፈውን «ስ» ብላችሁ አትዋጡት፣ እርምጃው ይጎድልባችኋል። ሁለተኛ፣ ማጥበቅና ማላላት እንደ እኛው ቋንቋ ዋጋ አለው። ከታች «ጠበቅ» ያልኩባችሁን ቦታ «አለ» (ተናገረ) የሚለውን ከ«አለ» (ይገኛል) እንደምትለዩት አጥብቁት። ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈተና ነው፤ ለእኛ ግን የዕለት ሥራ ነው።

አብሮ ለመጀመር ጃፓኖች «ሴ...ኖ!» ይላሉ፤ «ሴ» ይረዝማል፣ ከ«ኖ» ቀጥሎ ሁሉም ይገባል። ተራ የሚወጣው በጃንኬን ነው፦ ጭብጥ እጅ ድንጋይ (ጉ)፣ ሁለት ጣት መቀስ (ቾኪ)፣ የተዘረጋ መዳፍ ወረቀት (ፓ)። «ጃን ኬን ፖን!» ሲባል ሁሉም እኩል እጁን ይዘረጋል። ድንጋይ መቀስን፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን ያሸንፋል። ተመሳሳይ ከወጣ «አይኮ ዴ ሾ!» ብሎ መድገም ነው። ጃንኬንን መጀመሪያውኑ አስለምዱ፤ በኋላ ጭቅጭቅ የሚያበርደው እሱ ነው።

በጥንድ መጀመር፦ ናቤ ናቤ

መጀመሪያ ቀን ትልቅ ክብ አትሥሩ። ልጆች የማያውቁትን ዘፈን በማያውቁት ሕዝብ መሀል አይዘፍኑም። ሁለት ሁለት አድርጓቸውና በዚህ ጀምሩ።

«ናቤ ናቤ ሶኮ ኑኬ
ሶኮ ጋ ኑኬታራ ካኤሪማሾ»

(የመጨረሻው «ሾ» ይረዝማል።) ድስት፣ ድስት፣ ታቹ ይውደቅ፤ ታቹ ከወደቀ እንገልበጥ ማለት ነው።

ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱንም እጅ ይያያዛሉ። ከዘፈኑ ጋር እጃቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። «ካኤሪማሾ» ላይ ሲደርሱ በአንድ ወገን ያለውን እጅ፣ ማለትም የአንዱን ቀኝና የሌላውን ግራ፣ ከፍ አድርገው ሁለቱም ጭንቅላታቸውን በዚያ ሥር አሳልፈው ይዞራሉ። እጃቸው ሳይላቀቅ ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ። ጀርባ ለጀርባ እንደሆኑ አሁንም እያወዛወዙ ዘፈኑን ይደግሙታል፤ በ«ካኤሪማሾ» በመጡበት ዞረው ፊት ለፊት ይመለሳሉ።

ሁልጊዜ የሚከሰተው ስሕተት አንዱ በቀኙ ሌላው ደግሞ በራሱ ቀኝ ሊዞር መሞከሩ ነው፤ ክንድ ይጠማዘዛል፣ ልጅ ያለቅሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጀመራችሁ በፊት በግድግዳው ወይም በመስኮቱ አቅጣጫ ወስኑ፤ «ወደ መስኮቱ እንዞራለን» በሏቸው። እጅ ሲያያዙም ጣት ለጣት አይቆላለፉ፤ መዳፍ መዳፍን ያዝ አድርጎ ውስጡ እንዲሽከረከር ላላ ይበል። የአዋቂና የሕፃን ጥንድ ከሆነ አዋቂው ይንበርከክ።

ይህ ሲለመድ አራት አራት ሆነው፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ክብ ይሞክሩት። የትልቁ ክብ ስልት የተለየ ነው። አንድ ጥንድ ተመርጦ የተያያዘ እጁን ከፍ አድርጎ በር ይሠራል። ከበሩ ትይዩ ያሉት ልጆች ክቡን አቋርጠው በበሩ ሥር ይወጣሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት እጅ ሳይለቁ ይከተላሉ። ሁሉም ካለፈ በኋላ በር የሆኑት ሁለቱ በራሳቸው እጅ ሥር ዞረው ይወጣሉ። አሁን ክቡ እንዳለ ነው፣ ሁሉም ግን ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ለመመለስ ያው በር ይከፈትና ልጆቹ ወደ ኋላ እየተራመዱ በሥሩ ይገባሉ። ዘፈኑ ለዚህ ሁሉ አጭር ስለሆነ እስኪያልቅ ደጋግማችሁ ዝፈኑት። መጀመሪያ የተሳካላቸው ጊዜ የሚያሰሙትን ጩኸት ስትሰሙ ነገ ምን እንደሚጠይቋችሁ ታውቃላችሁ።

ክቡን ማሠልጠን፦ ሂራይታ ሂራይታ

«ሂራይታ ሂራይታ
ናን ኖ ሃና ጋ ሂራይታ
ሬንጌ ኖ ሃና ጋ ሂራይታ
ሂራይታ ቶ ኦሞታራ
ኢትሱ ኖ ማ ኒ ካ ትሱቦንዳ»

(«ኦሞታራ» ላይ «ታ» ጠበቅ።) ተከፈተ፣ ተከፈተ፤ ምን አበባ ተከፈተ? የሎተስ አበባ። ተከፈተ ስንል ሳናውቀው ተከደነ። ሎተስ ማለዳ ተከፍቶ ወደ እኩለ ቀን ግድም የሚከደን የውኃ አበባ ስለሆነ ግጥሙ ያዩትን የሚናገር ነው።

ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰፊ ክብ ሆነው በምት ይዞራሉ። ከ«ሂራይታ ቶ ኦሞታራ» ጀምረው ወደ መሀል እየተጠጉ «ትሱቦንዳ» ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቁጢጥ ይላሉ። ሁለተኛው ዙር የተገላቢጦሽ ነው፦ «ትሱቦንዳ ትሱቦንዳ፣ ናን ኖ ሃና ጋ ትሱቦንዳ፣ ሬንጌ ኖ ሃና ጋ ትሱቦንዳ፣ ትሱቦንዳ ቶ ኦሞታራ፣ ኢትሱ ኖ ማ ኒ ካ ሂራይታ»። በጠባቡ ክብ በዝግታ ይዞሩና በመጨረሻው ቃል እጃቸውን እያነሡ ወደ ኋላ ሰፍተው ይከፈታሉ።

ክብ ይዞ መራመድ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ትንንሾቹ ይጎትታሉ፣ ትልልቆቹ ይሮጣሉ። «አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ» የሚለውን እዚህ አስለምዱ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማሉ።

ካጎሜ ካጎሜ

ከዋራቤ ኡታዎች ሁሉ ስሟ የናኘው ይህቺ ናት፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሷን ነው።

«ካጎሜ ካጎሜ
ካጎ ኖ ናካ ኖ ቶሪ ዋ
ኢትሱ ኢትሱ ዴያሩ
ዮአኬ ኖ ባን ኒ
ትሱሩ ቶ ካሜ ጋ ሱቤታ
ኡሺሮ ኖ ሾሜን ዳሬ»

(«ሱቤታ» ላይ «ታ» ጠበቅ፤ «ሾ» እና «ዳ» ይረዝማሉ።) በቅርጫት ውስጥ ያለችው ወፍ መቼ መቼ ትወጣለች? በንጋት ምሽት ሽመላና ኤሊ አዳለጣቸው፤ ከኋላሽ ያለው ማን ነው? ንጋትና ምሽት አንድ ላይ መግባታቸው ብዙዎችን አመራምሯል፤ በኢንተርኔትም አስፈሪ አስፈሪ ታሪክ ተለጥፎበታል። ትርጉሙ ይህ ነው ተብሎ የተረጋገጠ የለም። አስፈሪውን ታሪክ ለልጆች አትንገሩ፤ እንቆቅልሽነቱ ይበቃቸዋል። የኛም አኩኩሉ «አልነጋም» እያስባለ ነው ልጅን ሲያስደብቅ የኖረው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። በጃንኬን አንድ ልጅ ኦኒ ይሆናል፤ መሀል ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን በሁለት እጁ ይሸፍናል። ሌሎቹ ተያይዘው እየዘፈኑ ይዞሩታል። «ዳሬ» ሲባል ቀጥ ይላሉ፣ ወይም ባሉበት ቁጢጥ ይላሉ። ኦኒው ዓይኑን ሳይገልጥ ልክ ከጀርባው ያለውን ልጅ ስም ይጠራል። ካወቀ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ካላወቀ ዘፈኑ ይደገማል።

ሦስት ነገር ላይ አተኩሩ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ልጆች «ሱቤታ» ላይ ሲደርሱ መሮጥ ይጀምራሉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ዝቅ ሲል ይዘገያሉ። የመጨረሻውን መስመር ደግሞ ሆን ብላችሁ አጓቱት፣ ማነው ማነው የሚለው ጉጉት ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ዝምታ ነው። ከ«ዳሬ» በኋላ የሚስቅ ልጅ ራሱን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ውጦ መቆምን እንደ ጨዋታው አካል አስተምሩ። ሦስተኛው፣ ዓይን መጨፈን የሚፈራ ልጅ አለ። እሱን አታስገድዱ፤ ከሌላ ልጅ ጋር ጥንድ ሆኖ መሀል ይግባ።

ስም ገና ያልተዋወቁ ልጆች ከሆኑ ከኋላ ያለው የእንስሳ ድምፅ ያሰማ። ኦኒው በድምፁ ይለየዋል። ለሦስትና አራት ዓመት ልጆችም ይህኛው ይቀላል።

ትንፋሽ መሰብሰቢያ፦ የእጅ ጨዋታ

ከዙሪያው በኋላ መቀመጥ ያስፈልጋል። ለትልልቆቹ «ቻትሱቦ» አለ፤ የሻይ ገንቦ ማለት ነው። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ለወታደራዊው ገዥ ለሾጉኑ የሚሆን ሻይ ከኡጂ እስከ ኤዶ፣ ማለት እስከ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ በገንቦ ታሽጎ በታላቅ ሰልፍ ይጓዝ ነበር።

«ቻ ቻ ትሱ ቦ፣ ቻ ትሱ ቦ፣
ቻ ትሱ ቦ ኛ፣ ፉ ታ ጋ ናይ፣
ሶ ኮ ዎ ቶቴ፣ ፉ ታ ኒ ሺዮ»

ገንቦው ክዳን የለውም፤ ታቹን አውጥተን ክዳን እናድርገው ይላል። የግራ ጭብጥ ገንቦ ነው። በመጀመሪያው ምት የቀኝ መዳፍ ከላይ ይከድነዋል፣ በሁለተኛው ከታች ይይዘዋል። በሦስተኛው እጅ ይቀያየራል፦ ቀኙ ጭብጥ፣ ግራው ከላይ ክዳን፤ በአራተኛው ከታች። እንዲህ እየተቀያየረ ይቀጥላል። ከሁለተኛው «ቻ ትሱ ቦ» በኋላ አንድ ባዶ ምት አለ፤ እዚያ እጅ ያርፋል። በጣም በዝግታ ጀምሩ፤ አዋቂዎችም ይምታታባቸዋል።

ለሕፃናቱ ግን «ሙሱንዴ ሂራይቴ» ይበቃል፦ ጨብጡ፣ ክፈቱ፣ አጨብጭቡ፣ ጨብጡ፤ በመጨረሻ እጅ ወደ ላይ። ዜማው የፈላስፋው የዣን ዣክ ሩሶ ነው ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ ጃፓን የገባው እ.ኤ.አ. በ1881 በታተመ የትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ ነው።

በሩ ሥር፦ ቶርያንሴ

ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ከፍ አድርገው በር ይሆናሉ። ሌሎቹ ተከታትለው በሥሩ ያልፋሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፤ የመጨረሻው «ቶርያንሴ» ሲያበቃ በሩ ይወርዳል፤ የተያዘው ከበረኞቹ አንዱን ይተካል። ክንድ አንገት ላይ እንዳይወርድ ከትከሻ በታች፣ ቀስ ብሎ ማቀፍ መሆኑን በረኞቹን አስቀድማችሁ አለማምዱ።

ግጥሙ በበር ጠባቂና በወላጅ መካከል የሚደረግ ምልልስ ነው። ይህ ጠባብ መንገድ ወዴት ይወስዳል? የቴንጂን መንገድ ነው። እባክዎ ያሳልፉን። ጉዳይ የሌለው አያልፍም። የልጄን ሰባተኛ ዓመት ልናከብር፣ ክታቡን ልንመልስ ነው። መሄዱስ ደህና፣ መመለሱ ያስፈራል። ቴንጂን የተባለው ከሞተ በኋላ እንደ ትምህርት አምላክ የተቆጠረው ሊቅ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ (845–903) ነው። ሰባት ዓመት ደግሞ በጃፓን ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ኅዳር (ኖቬምበር) 15 ግድም ወደ መቅደስ ይወሰዳሉ። ሳይታማ ግዛት ካዋጎኤ ከተማ ያለው የሚዮሺኖ መቅደስ የዘፈኑ መነሻ እኔ ነኝ ይላል። ዜማውን ጃፓን የኖረ ሰው በእግረኛ ማቋረጫ መብራት ላይ ሰምቶት ይሆናል፤ አሁን በአብዛኛው በወፍ ድምፅ ተተክቷል።

ግጥሙ ረጅም ስለሆነ ሕፃናቱ «ቶርያንሴ፣ ቶርያንሴ» የሚለውን ብቻ ይያዙ፤ ቀሪውን እናንተ ዝፈኑ። ትልልቆች ካሉ በረኞቹ የጠባቂውን፣ ሰልፈኞቹ የወላጁን ይከፋፈሉ።

ሃና ኢቺ ሞንሜ

ይህ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጨዋታ ነው፤ ለስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ አቆዩት። ሁለት ረድፍ ተፋጥጦ ይቆማል፣ መሀሉ አምስት ስድስት እርምጃ። የመጀመሪያው ረድፍ ተያይዞ ወደ ፊት እየሄደ «ካቴ ኡሬሺ ሃና ኢቺ ሞንሜ» («ቴ» ጠበቅ፤ አሸንፈን ደስ አለን) ይላል፤ ሌላው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። «ሞንሜ» ላይ ሁሉም አንድ እግሩን ወደ ፊት ያነሣል። ተራው ሲደርስ ሁለተኛው ረድፍ «ማኬቴ ኩያሺ ሃና ኢቺ ሞንሜ» (ተሸንፈን ቆጨን) እያለ ይገፋል። ከዚያ በመቀባበል፦

«አኖ ኮ ጋ ሆሺ» (ያንን ልጅ እንፈልጋለን)
«አኖ ኮ ጃ ዋካራን» (የትኛውን እንደሆነ አናውቅም)
«ኮኖ ኮ ጋ ሆሺ» (ይህንን ልጅ እንፈልጋለን)
«ኮኖ ኮ ጃ ዋካራን»
«ሶዳን ሺዮ» (እንመካከር)
«ሶ ሺዮ» (እሺ)

ሁለቱም ረድፍ ተሰብስቦ በሹክሹክታ ይመክራል፤ ከተቃራኒው አንድ ልጅ ይመርጥና በስሙ ይጠራል። የተጠሩት ሁለቱ መሀል ገብተው ጃንኬን ይጫወታሉ፤ የተሸነፈው ወደ አሸናፊው ረድፍ ይሻገራል። ቃላቱ ከአገር አገር ይለያያሉ፤ ሌላ ዓይነት ብትሰሙ ስሕተት አይደለም። ቅብብሉ ላይ ልጆቹ ግር ካላቸው አበባየሆሽን አስታውሷቸው፤ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እንዴት እንደሚቀበሉ ያውቁታል።

ጥንቃቄው ይኸውና፦ ታዋቂዎቹ ልጆች ደጋግመው ይጠራሉ፣ ዝምተኛዋ እስከ መጨረሻው ሳትጠራ ትቀራለች፤ የልጅ ልብ የሚሰበረውም እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ አንዴ የተጠራ ሁሉም እስኪዳረስ አይጠራም የሚል ሕግ ከጅምሩ አውጡ። አንድ ረድፍ ባዶ እስኪሆንም አታጫውቱ፤ ሁሉም አንዴ እንደተጠራ አቁሙ።

መላው ቤተሰብ፦ ታንኮ ቡሺ

ወላጆችም ሲጨመሩ ከዋራቤ ኡታ ወጥታችሁ ወደ ቦን ኦዶሪ ግቡ። ይህ በበጋ፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ የሙታን መታሰቢያ በሆነው በኦቦን ሰሞን፣ ያጉራ በሚባል የእንጨት ማማ ዙሪያ የሚጨፈር የክብ ጭፈራ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ታንኮ ቡሺ ነው። ከፉኩኦካ ግዛት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የመጣ ሲሆን፣ እንቅስቃሴው ሁሉ የማዕድን ሥራ ነው። ግጥሙ የሚያነሣው የሚኢኬ ከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቶ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አካፋ የያዛችሁ ያህል በቀኝ በኩል ሁለት ጊዜ ቆፍሩ፣ በግራ ሁለት ጊዜ። ከሰሉን በቀኝ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ጣሉ፣ በግራም እንዲሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያላችሁ በአንድ እጅ ግንባራችሁን ጋርዱና ጨረቃዋን እዩ፤ በሌላው እጅ ድገሙት። ከዚያ ጋሪውን ወደ ፊት ግፉ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለት እጃችሁን ከፊታችሁ ወደ ጎን ዘርጉና አጨብጭባችሁ እንደገና ከቁፋሮው ጀምሩ። ለዚህኛው ቀረጻ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከበሮው ያስፈልጋል። ልጆችን ግን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ «ቆፍር ቆፍር፣ ጣል፣ ጣል፣ እይ፣ እይ፣ ግፋ፣ ግፋ» እያላችሁ አለማምዷቸው።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህን በአካል ማየት ትችላላችሁ። በካሊፎርኒያ፣ በሃዋይና በሲያትል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ማኅበረሰቦች በየበጋው የኦቦን በዓል ያደርጋሉ፤ ታንኮ ቡሺም እዚያ በየዓመቱ የሚጨፈር ነው። ክቡ ለማንም ክፍት ነው። ከማማው አጠገብ ባለው ውስጠኛ ክብ የሚጨፍሩት አብዛኛውን ጊዜ የተለማመዱት ናቸው፤ ከልጆቻችሁ ጋር በውጨኛው ክብ ግቡና የእነሱን እጅ እያያችሁ ተከተሉ።